መርዶ ያልመጣለት መጽሐፍ፦ የጠፉት ሳይገኙ ስለሚያልቁ ልብ ወለዶች

ክሩን፣ በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ያለውን ውይይት ማለቴ ነው፣ የከፈትኩት ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ከሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ደራሲ ሰው አጥፍቶ፣ አገር ምድሩን አስፈልጎ፣ በመጨረሻ የት እንደደረሰ ሳይነግረን መጽሐፉን መዝጋት ይችላል ወይ? ያስነሳኝ የአውስትራሊያዊቷ የጆአን ሊንድሴ «ፒክኒክ አት ሃንጊንግ ሮክ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመ። የምኖረው ሜልቦርን ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው አለት ከእኛ በስተሰሜን ምዕራብ ቢርቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነገሩ እንደ ጎረቤት ወሬ ቀረበኝ።

ላላነበቡት ታሪኩን በአጭሩ ጻፍኩ። ዉድኤንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1900፣ በእኛ የካቲት 1892 መሆኑ ነው፣ ተማሪዎቹ ምሳቸውን ይዘው ወደ አለቱ ለሽርሽር ይሄዳሉ። እኩለ ቀን ላይ ሰዓቶች ይቆማሉ። አራት ልጆች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንዷ እየጮኸች ስትመለስ ሚራንዳ፣ ማሪየንና ኢርማ እዚያው ይቀራሉ። የሒሳብ መምህራቸውም ትጠፋለች። ከሳምንት ገደማ በኋላ ኢርማ በሕይወት ትገኛለች፤ ግን የምታስታውሰው ነገር የለም። ሦስቱ እስከ መጨረሻው ገጽ አይገኙም።

ከዚያ አቋሜን አስቀመጥኩ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መርዶ አለ። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፤ ከዚያ ለቅሶው፣ ፍትሐቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ በየተራው ይመጣል። የጠፋ ሰው ግን መርዶ የለውም። ሞቷል ብሎ ማልቀስ ማሟረት ነው፣ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ደግሞ ዕድሜ ይበላል። ሊንድሴ ያንን ጥበቃ አንስታ አንባቢው ጫንቃ ላይ አኖረችው። ይህ ትክክል ነው፣ ውብም ነው ብዬ ጻፍኩ። «ውብ» ያልኩት በኋላ አስጠየቀኝ።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር መጣ። ጸሐፊው አመስግኖ፣ መጽሐፉን እንዳላነበበው ገልጾ፣ ታሪኩ በእርግጥ የተፈጸመ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። 2ኛው አልተፈጸመም ብሎ መለሰለት፣ ማስረጃም አቀረበ፦ መጽሐፉ ያን ቀን ቅዳሜ ይለዋል፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1900 ግን የዋለው ረቡዕ ነው። ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከረው ደራሲዋ በመግቢያዋ እውነት ይሁን ፈጠራ አንባቢው ራሱ ይወስን ብላ ስለተወችው ነው አለ። እኔ ቀኑን ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ እርማቱን በደስታ ተቀበልኩ።

3ኛው እዚሁ ሜልቦርን ፉትስክሬይ አካባቢ የሚኖር የታክሲ ሹፌር ነው። ቤተሰቡን ይዞ አለቱ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ ካለው ሜዳ 105 ሜትር ገደማ ከፍ እንደሚል፣ ከስድስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ከመሬት ውስጥ ወፍሮ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ እዚያው ረግቶ የቀረ መሆኑን፣ በዓምዶቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ሰው ከሰው እንደሚጋርድ ጻፈ። ጎብኚዎች በየስንጥቁ እየገቡ የሚራንዳን ስም ይጣራሉ። የእሱም ልጅ አብራ ስትጣራ ተቆጥቶ ዝም አሰኛት። ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ የሰው ስም መጥራትን እናቱ አጥብቃ ትከለክለው ነበር፤ ይህንን ለልጁ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቃተው። ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልጻፈም፤ ለእኔ ግን ከክሩ ጥሩ መልሶች አንዱ የእሱ ነው።

4ኛው ተቃወመኝ። በልጅነቱ የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ከአከራይ እየተከራየ ያነበበ ሰው ነው። ደራሲና አንባቢ ውል አላቸው ባይ ነው፦ አንባቢው ጊዜውን ይሰጣል፣ ደራሲው መልሱን ይሰጣል። መልስ የሌለው ምስጢር ሒሳብ ተቀብሎ ምግብ ያላቀረበ ምግብ ቤት ነው ሲል ጻፈ። አነጋገሩ ኮምጠጥ ያለ ቢሆንም የሚናቅ አልነበረም፤ ብዙ ሰው አውራ ጣቱን አነሳለት።

የመለሰችለት ከደሴ የምትጽፍ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። 5ኛው መልስ የእሷ ነው፣ ረጅምም ነው። ምስጢሩ አለቱ ላይ አይደለም አለች፤ አለቱ ላይ ዓይኑን የተከለ አንባቢ መጽሐፉን ያልፈዋል። እሷ የምታየው ትምህርት ቤቱን ነው። ልጆቹ ከጠፉ በኋላ ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ያስወጣሉ፣ ገቢው ይነጥፋል፣ ሠራተኞች ይለቃሉ፣ ርዕሰ መምህርቷ ሚሲስ አፕልያርድ መጠጥ ታበዛለች። በዚህ ሁሉ መሐል ሣራ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ አለች። የታዘዘችውን ግጥም በቃሏ ስላልያዘች ያን ቀን ከሽርሽሩ የቀረች ናት። የአሳዳጊዋ ክፍያ ሲዘገይ ርዕሰ መምህርቷ ወደ ማሳደጊያው እመልስሻለሁ እያለች ታስጨንቃታለች፤ በመጨረሻ ሬሳዋ ይገኛል። አስተማሪዋ የጠየቀችው ይህንን ነው፦ ለሦስቱ አገር ተሰልፎ፣ ፖሊስ ወጥቶ፣ ውሻ ተለቅቆ ሲፈለግ፣ እቤት ውስጥ በዓይን ፊት እየጠፋች የነበረችውን ሣራን ማን ፈለጋት? እሷ ባለችበት ትምህርት ቤትም እንዲህ ያሉ ልጆች እንዳሉ ጨምራ ጻፈች፤ በመዝገቡ ላይ ስማቸው አለ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ግን የሚያያቸው የለም። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሣራን በወጉ አላየኋትም ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ያስጀመረችኝ ይህቺ አስተማሪ ናት።

6ኛው ከእንግሊዝ ሼፊልድ ነው። ይበልጥ ቀስ ያለ መጽሐፍ አለ ብሎ የጆን ማክግሬገርን «ሬዘርቮር 13» («ግድብ 13» እንደማለት ነው) አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና የኮስታን የልብ ወለድ ሽልማት ያገኘ ነው። በአዲስ ዓመት ሰሞን ለዕረፍት ከመጣ ቤተሰብ ጋር የነበረች የ13 ዓመት ልጅ በአንድ የእንግሊዝ መንደር ኮረብታ ላይ ትጠፋለች። መጽሐፉ 13 ምዕራፍ ነው፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ዓመት። በየዓመቱ ርችት ይተኮሳል ወይም ሳይተኮስ ይቀራል፣ በጎች ይወልዳሉ፣ ቀበሮዎች ግልገል ያወጣሉ፣ የመንደሩ የክሪኬት ቡድን በጎረቤት መንደር ይሸነፋል፣ ባልና ሚስት ይፋታሉ። ልጅቷ አልፎ አልፎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቅ ትላለች፤ ለብሳው የነበረው ሹራብና ጫማ እየተደጋገመ ይጠራል። አትገኝም። ሼፊልዱ ሰው እሑድ እሑድ በዚያው አካባቢ በእግሩ ስለሚሄድ፣ መጽሐፉን ካነበበ ወዲህ ግድብ ባየ ቁጥር እንደሚቆም ጻፈ።

7ኛው ያንኑ መጽሐፍ ጀምሮ 50ኛው ገጽ ላይ እንደተወው፣ የበግ አርቢ ማስታወሻ የሚያነብ እንደመሰለው ተናገረ። 8ኛው መከረው፦ መርሳት የሚመጣው እንደዚያ ነው፤ መንደሩ ክፉ ሆኖ ሳይሆን በጉ መጠበቅ ስላለበት። እኔም ከ8ኛው ጋር ነኝ። ልጅቷ ለሁለት ገጽ ሳትነሳ ስትቀር እኔ ራሴ ረስቻት እንደነበር ሳውቅ ደንግጫለሁ፤ ያንን ድንጋጤ ሌላ መጽሐፍ አልሰጠኝም።

በ9ኛው ላይ ክሩ አቅጣጫ ቀየረ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከአነጋገራቸው የሕግ ሰው ይመስሉኛል፣ ትንሽ ከተማና ምስጢር ከተባለ እኛ አፈርሳታ ነበረን አሉ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ ካልወጣም አገሬው ተዋጥቶ ይከፍላል። በግልጽ መመስከር የሚፈራ ለተመረጡት «ወፎች» በምስጢር ይነግራል፤ ወፏ የተናገረችው ይወጣል፣ የነገራት ሰው ስም አይወጣም። እኚህ ሰው ይህንን ያመጡት ለምሳሌ ነው፦ ቀስ ብሎ የሚሄድ የትንሽ ከተማ ምስጢር ሁሉ አፈርሳታ ነው፤ መርማሪው አንድ ብልህ ሰው ሳይሆን ሁሉም ሁሉንም የሚያይበት ሸንጎ ነው። ይህ ዕይታ በጣም ማረከኝ። የምናውቀው ቡና ጠጪ ሰፈር እኮ ዛሬም እንደዚሁ ነው፤ አቦል ላይ ሐዘኔታ፣ ቶና ላይ ጥርጣሬ፣ በረካ ላይ ፍርድ።

10ኛው ግን አፈርሳታንና ሌባ ሻይን አምታተውታል ብሎ ዘለለባቸው። እኚያ ሰው በ11ኛው ላይ ሌባ ሻይ ሌላ መሆኑን፣ እሱ አደንዛዥ መድኃኒት ያጠጡትን ልጅ እየነዱ የደረሰበትን ቤት ሌባ የማለት ሥርዓት እንደነበር፣ እሳቸውም ስሙን እንዳላነሱት በእርጋታ መለሱ። ትክክሉ እሳቸው ነበሩ። 12ኛው የአያቱን ታሪክ ጀምሮ ሳይጨርስ ሄደ።

13ኛው ክሩን አናወጠው። ሊንድሴ 18ኛ ምዕራፍ ጽፋ ነበር፤ ከመታተሙ በፊት በአሳታሚዋ ምክር ተቆርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ካረፈች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 ለብቻው ታተመ። ይህንን መናገር አያስከፋም። ጸሐፊው ግን አላቆመም፤ ልጆቹ ምን እንደሆኑ ከምዕራፉ አንድ በአንድ ዘረዘረው። ያላነበቡ ሰዎች ክሩ ላይ እንዳሉ እያወቀ! እኔ እዚህ አልደግመውም።

14ኛው በጣም ተቆጣ፤ ሰው ሊበላ የቀረበለትን ማዕድ ረገጥክ ዓይነት ነገር ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር፤ ከዚህ በኋላ አንተ ላይ ወረዱ። 13ኛውን የጻፈው ሰው በ15ኛው ራሱን ተከላከለ፦ መልሱ በመደብር የሚሸጥ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ምስጢር አድርጎ መያዝ የማይገባ መመጻደቅ ነው፣ እናንተ የምትወዱት መጽሐፉን ሳይሆን አለማወቃችሁን ነው አለ። ይህቺ ወጋችኝ፣ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። 16ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ ሁለቱንም ገሥጾ የተዘረዘረውን ሸፈነው። እኔ እንደሚመስለኝ አሳታሚው በደንብ መክሯታል። የተቆረጠው ምዕራፍ ጥሩ አለመሆኑ አይደለም፤ ግን አንባቢው ከገባበት ጥበቃ ያወጣዋል፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱም፣ ሣራም፣ ከተማውም የእንቆቅልሽ ማጀቢያ ይሆናሉ።

17ኛው የተለየ ቁጣ ይዞ መጣ። አውስትራሊያ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት፤ አማርኛዋ አጭርና ቀጥተኛ ነው። አለቱ የጃ ጃ ዉሩንግ፣ የዎይ ዉሩንግና የታውንጉሩንግ ነባር ሕዝቦች ምድር መሆኑን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ መፈናቀላቸውን አስታወሰችን። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት አርቲስት «ሚራንዳ ትሂድልን» የሚል መንፈስ ያለው ዘመቻ እንደጀመረችም ነገረችን፤ ያልተፈጠሩ ነጭ ልጃገረዶች ስም በየስንጥቁ ሲጠራ በእርግጥ የጠፉትን የሚጠራ የለም በማለት። ከዚያ እኛን ጠየቀችን፦ ስለ ሚራንዳ 16 መልስ ጻፋችሁ፣ የእናንተስ? ሁለት ሰው እንዳልወደዳት ምልክት አደረገ። ስለታም ነበረች፤ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

18ኛው በአንድ ስም መለሰላት፦ በዓሉ ግርማ። «ኦሮማይ» በ1975 ታተመ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተነሣ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። 18ኛው የጻፈው ሰው «ኦሮማይ» በአሥመራ አነጋገር አበቃ፣ አከተመ እንደማለት መሆኑን አስታውሶ፣ የደራሲው ጉዳይ ግን እንዳላበቃ ጻፈ። 19ኛው ሁለቱም ነገር የካቲት ላይ መዋሉን አስተዋለ፣ የካቲት 1892 እና የካቲት 1976፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

20ኛው አንድ ልጅ እግር በዓሉ ግርማ ማነው ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰው ተረባረበበት፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው እንዴት አያውቀውም እየተባለ። ይህ አሳዘነኝ። የጠየቀን ሰው እየዘለፍን ነው የሰው ስም የሚጠፋው። በ«ከአድማስ ባሻገር» ጀምር ብዬ በውስጥ ጻፍኩለት።

21ኛውን ለመጻፍ ጊዜ የፈጀበት ይመስለኛል፤ ከቀድሞው መልስ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጸሐፊው አባቱን በ1970 አጥቷል፣ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ። አባቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበሩ፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር አብረው ተወሰዱ። እናቱ ለወራት ስንቅ ሲያመላልሱ ቆይተው አንድ ጠዋት ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ተባሉ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ ግን መርዶ አልነበረም። ዘመዶች ከዓመታት በኋላ ተዝካር እናውጣ ሲሏቸው ማንን ሞተ ብለው እንደሆነ ጠየቁ እንጂ እሺ አላሉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልተሳደበም። ለእናቱ ያ ዘመን ሁሉ ውብ እንዳልነበር፣ የተቆረጠ ምዕራፍ አንድ ቦታ ቢኖር፣ የፈለገውን ያህል አስቀያሚ ይሁን፣ በእግራቸው ሄደው እንደሚያመጡት ጻፈ። 13ኛው ላይ የተናደዳችሁ እናንተ መጠበቅን በሁለት ሳምንት የምትጨርሱት ናችሁ አለ።

22ኛው የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ «ውብ» ያልኩትንም አነሳሁ። ትክክል ነው ያልኩትን ግን አላነሳሁም፤ ሊንድሴም ማክግሬገርም መልስ ቢሰጡን ኖሮ ስለ እናቱ ዓይነት ሰው የማውቀው ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር። ይህንን ስጽፍለት እጄ ከብዶኝ ነበር።

በ23ኛው የደሴዋ አስተማሪ ተመለሰች። አባቱ ለጠፉበት ልጅ ስለ ኢርማ ነገረችው። ኢርማ ከዳነች በኋላ ትምህርት ቤቱን ልትሰናበት በቀይ ካባዋ ወደ ስፖርት አዳራሹ ትገባለች። ጓደኞቿ መጀመሪያ ዝም ይሏታል፤ ከዚያ ይከቧታል፣ ይጎትቷታል፣ የት ናቸው፣ ተናገሪ እያሉ ይጮኹባታል። የምታውቀው የላትም። አስተማሪዋ የመጽሐፉ ጭካኔ ሁሉ እዚህ ትዕይንት ላይ ነው ብላ፣ 9ኛው ያመጡት አፈርሳታ በአንዲት ልጅ ላይ ሲወርድ ይህንን ይመስላል ብላ አያያዘችው። እኚያም ትልቅ ሰው ልክ ነሽ ልጄ ብለው ፈረሙበት።

24ኛው ትናንት ማታ የገባ ነው፣ የዚያው ልጅ። እሑድ ቡና ተፈልቶ ታሪኩን ለእናቱ በቃሉ ተረከላቸው። ሦስቱ የት ገቡ ብለው አልጠየቁትም። የጠየቁት ስለተመለሰችው ልጅ ነው፦ ከዚያ በኋላ ማን አስጠጋት? ከአባቱ ጋር የታሰረው ባልደረባ ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈትቶ ነበርና እናቱ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ በሰው ፊት፣ ባሌን የት ጥለኸው መጣህ ብለው ጮኸውበታል። ሰውየው ምንም ሳይመልስ ከተማውን ለቆ ሄደ። ይህንን ለልጃቸው ሲነግሩት የመጀመሪያቸው ነው። ሰውየው ደብረ ብርሃን እንዳለ ይሰማል፤ እናቱ ስልኩን አፈላልግልኝ ብለውት፣ የሚያውቅ ካለ በውስጥ እንዲጽፍለት ጠይቋል። የፉትስክሬዩ ሹፌር እዚያ እህት አለችኝ ብሎ በ25ኛው መልስ ሰጥቶታል።